ስለ በርሊን የመንገድ ሥዕሎችና ስለ አስጎብኚዎቻቸው አንዳንድ አሳብ

ባለፈው ክረምት ከሌሎች አገሮች ተማሪዎች ጋር በርሊን ከተማ አምስት ሳምንት ለመሰንበት ዕድል አግኝቼ ነበር። የሄድሁት ለቋንቋ ትምህርት ነው፤ ነገር ግን ከቀትር በኋላ ያለኝን ሰዓት ሁሉ ያጠፋሁት ግድግዳ በማየት ነው። ይህን ሲያነቡ ፈገግ የሚሉ መምህራን እንደማይጠፉ ዐውቃለሁ። በበርሊን ግን ግድግዳ ማየት ራሱን የቻለ ሥራ ሆኗል፤ እንጀራውን የሚበላበትም ሰው ብዙ ነው። ከተማውን በአውቶቡስ ተቀምጠው ቤተ መንግሥትና ሐውልት ከሚቈጥሩ ጐብኚዎች እንለያለን የሚሉ እንግዶች በየቀኑ ተሰብስበው አንድ ወጣት አስጎብኚን ይከተላሉ፤ እርሱም ፊት ፊት እየመራ ወደ ኋላ ግቢዎች፥ ወደ ባቡር ድልድዮች ሥርና ክሮይትስበርግ ወደሚባለው ሰፈር ይወስዳቸዋል። ይህን «አማራጭ ጉብኝት» ይሉታል። እኔም በአራት እንዲህ ባሉ ጉብኝቶች ተከትዬ ሄጃለሁ። ሁለተኛውና አራተኛው አስቀድሞ ዋጋ የሚከፈልባቸው ነበሩ፤ አንደኛውና ሦስተኛው «ነጻ» የተባሉ፥ ማለት በመጨረሻው ላይ ጉርሻ የሚሰጥባቸው ናቸው።

ስለ ሥዕሎቹ የተጻፈው ብዙ ነው፤ ስለ ሠዓሊዎቹም እንዲሁ። ጉብኝቱን ራሱን ግን እንደ አንድ የአእምሮ ሥራ አድርጎ የሚመዝን ሰው ጥቂት ይመስለኛል። በዚህች ጽሑፍ የምመዝነው እርሱን ነው። አንድ ሰው ከግድግዳ ፊት ቆሞ ለሃያ ሰዎች «ይህ ማለት እንዲህ ነው» ባለ ጊዜ የትርጓሜ ሥራ ሠርቷል፤ የትርጓሜ ሥራም እንደ ማናቸውም ሥራ ሊመሰገንና ሊነቀፍ ይገባዋል።

መለኪያዬን ከሩቅ አላመጣሁም። በአገራችን የመጻሕፍት ትምህርት ቤት መምህሩ ንባቡን ካሰማ በኋላ «አንድም» እያለ ትርጓሜውን ያወርዳል። እኔ የተማርሁት በሚስዮን ትምህርት ቤት ስለ ሆነ ከጉባኤ ቤት አልተቀመጥሁም፤ ነገር ግን አያቴ የደብር መምህር ነበሩና ክረምት ክረምት ከእርሳቸው ዘንድ ስሰነብት ደቀ መዛሙርቱ ስለ ሌሎች መምህራን የሚያወሩትን እሰማ ነበር። «አንድሙ ከንባቡ ወጥቷል ወይስ ተለጥፎበታል?» ይባባላሉ። ከንባቡ የወጣ እንደ ሆነ ወደ ኋላ ተመልሰህ ስታነበው ቃሉ ይበራልሃል፤ የተለጠፈ እንደ ሆነ ግን ታሪኩ የቱንም ያህል ቢጣፍጥ ንባቡ እንደ ጨለመ ይቀራል። የበርሊንን አስጎብኚዎች በዚህ ሚዛን ላስቀምጣቸው።

የመጀመሪያዎቹ ሦስት ጉብኝቶች ሁሉ በሮዘንታለር መንገድ ቍጥር 39 ባለው፥ «ሐውስ ሽቫርትሰንበርግ» በሚባለው ቤት ግቢ አልፈዋል። በአካባቢው ያሉት ሌሎች ግቢዎች ከጀርመን መዋሐድ በኋላ ታድሰውና ተለስነው የሱቅ መደዳ ሲሆኑ፥ ይህ አንዱ ግቢ ልስኑ እንደ ተላጠ ቀርቷል። ግድግዳው ሰው እጁን ዘርግቶ እስከሚደርስበት ድረስ በወረቀት ሥዕል፥ በስቲከርና በሚረጭ ቀለም ተሸፍኗል፤ አንዱ በሌላው ላይ እየተለጠፈ እንደ ቆየ ለምድ ወፍሯል። በዚያ መካከል ጂሚ ሲ የሚባለው ሠዓሊ የሠራው የአና ፍራንክ ፊት አለ። የመጀመሪያው አስጎብኚ ፊቱ በቀለም ነጠብጣብ እንዴት እንደ ተሠራ ነገረን፤ አነጋገሩ ጥሩ ነበር። ሰው ሁሉ ፎቶግራፍ አነሣ፤ ዐሥር ደቂቃ ያህል ቆይተን ሄድን።

የዚያች ልጅ ፊት በሌላ ግቢ ሳይሆን በዚያ ግቢ ለምን እንደ ተሣለ ግን አልተናገረም። በዚያው ግቢ በስምዋ የተሰየመ ማዕከል አለ። በዚያው ቤት ደግሞ ኦቶ ቫይት የሚባል ጀርመናዊ በናዚዎች ዘመን የመጥረጊያና የብሩሽ መሥሪያ ቤት ከፍቶ፥ ዓይነ ስውራንና መስማት የተሳናቸው አይሁድን በሠራተኛነት እየቀጠረ ከሞት ሊያስጥላቸው ሞክሯል፤ መሥሪያ ቤቱ ዛሬ ቤተ መዘክር ነው፤ ለመግባትም ገንዘብ አይጠየቅም። ሁለተኛው አስጎብኚ ይህን በአንድ ዐረፍተ ነገር ጠቅሶ አለፈ፤ ሦስተኛው ጨርሶ አላነሣውም። የተለጠፈ አንድም የምለው እንዲህ ያለውን ነው። ስለ ነጠብጣቡ የሰማነው ሁሉ እውነት ነው፤ ነገር ግን ሥዕሉ ከዚያ ተነቅሎ በሌላ በማናቸውም ከተማ ቢተከል ያው ትርጓሜ ሳይለወጥ ይበቃው ነበር።

አስጎብኚዎቹ አብልጠው የሚወዱት ወሬ ነው። ቪክቶር አሽ በ2007 (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጆች አቈጣጠር እጽፋለሁ) በማሪያነን መንገድ ላይ የአንድ ቤት ጎን ከላይ እስከ ታች የያዘ የጠፈር ተጓዥ ሥሏል፤ በጥቁር ቀለም ብቻ። ከመንገዱ ማዶ የነበረ የባንዲራ እንጨት ጥላው ሌሊት በሥዕሉ እጅ ላይ ሲያርፍ፥ ሰውየው ባንዲራ የሚተክል ይመስል ነበር እየተባለ ይነገራል። ደስ የሚል ነገር ነው። አራቱም ጊዜ ሰማሁት። የሥዕሉ ስም ግን «አስትሮኖት ኮስሞኖት» ነው፤ ይኸውም የአሜሪካኑም የሶቪየቱም የጠፈር ሰው ማለት ነው። በሁለቱ ኃይላት መካከል ለሃያ ስምንት ዓመት በግንብ ተከፍላ በኖረች ከተማ፥ ይህ ሰው የሚተክለው የማንን ባንዲራ ነው? ብሎ የጠየቀ ከአራቱ አንድም አልነበረም። ጥላው ተወራ፤ ባንዲራው ተረሳ።

አራተኛውን ጉብኝት የመራችን ሴት ግን ሌላ ነበረች፤ ምስጋናዬን አልነፍጋትም። ግንቡ በ1961 ነሐሴ ወር መሠራት እንደ ተጀመረና በ1989 ኅዳር ወር እንደ ተከፈተ ሁላችንም እናውቃለን፤ እርስዋም በዚህ አልጀመረችም። የጀመረችው ከመሬቱ ነው። ከግንቡ በስተ ምዕራብ ያለው ጥቂት ሜትር መሬት የምሥራቅ ጀርመን ይዞታ ነበረ፤ ስለዚህ በምዕራብ በኩል ቆሞ ግንቡን የሚቀባ ሰው እግሩ በሌላው መንግሥት መሬት ላይ ነበር፤ ጠባቂዎቹም ወጥተው ሊይዙት ይችሉ ነበር። ፈረንሳዊው ቲየሪ ኗር ቤቱ ከግንቡ አጠገብ ነበርና በ1984 መሣል በጀመረ ጊዜ እጁ መፍጠን ነበረበት። ጭንቅላቶቹ በአንድ መሥመር የሚሠሩት፥ ቀለሞቹም ጥቂት የሆኑት በዚህ ምክንያት ነው። ሴቲቱ ይህን ካለች በኋላ ሰዓቷን እየተመለከተች «በሉ፥ በጣታችሁ በአየር ላይ አንድ ፊት ሣሉ፤ ጠባቂው እየመጣ ነው» አለችን። ሁላችንም ሣልን፤ የእኔው ዓይን የሌለው ሆኖ ቀረ። ከዚያ ቀን ወዲህ የኗር ጭንቅላቶች የሕፃን ሥራ መስለው አይታዩኝም፤ የሩጫ ሥራ ናቸው። አንድሙ ከንባቡ ሲወጣ እንዲህ ነው።

«ኢስት ሳይድ ጋለሪ» የሚባለው በሽፕሬ ወንዝ ዳር የቀረው 1316 ሜትር ግንብ ደግሞ ሌላ ነገር ነው። እርሱ ወደ ምሥራቅ የሚያየው ፊት ሲሆን፥ ግንቡ እስኪከፈት ድረስ ማንም የማይጠጋው ባዶ ነበር። በ1990 ከ21 አገሮች የመጡ 118 ሠዓሊዎች ሣሉበት። ስለዚህ በዚያ ያለው ሥዕል በግንቡ ላይ የተነሣ ተቃውሞ ሳይሆን፥ ግንቡ ከተሸነፈ በኋላ የተደረገ በዓል ነው። ልዩነቱ ቀላል አይደለም፤ ሆኖም ከአስጎብኚዎቹ ሁለቱ ሠዓሊዎቹ በጥይት ፊት ቆመው የሣሉ አስመስለው ተናገሩ። ደግሞም በ2009 በተደረገው እድሳት የቀድሞዎቹ ሥዕሎች ተፍቀው ሠዓሊዎቹ እንደገና እንዲሥሉ ተጠሩ፤ አንዳንዶቹ እንቢ አሉ። ዲሚትሪ ቭሩበል ብሬዥኔቭና ሆኔከር የሚሳሳሙበትን ሥዕሉን ዳግመኛ ሠራው። እንግዲህ ሕዝብ ተሰልፎ ፎቶግራፍ የሚያነሣው የ1990ውን ሳይሆን የ2009ኙን ነው። ይህን መናገር ጉብኝቱን የሚያበላሸው ይመስል ዝም ይባላል። የደብር ግድግዳ ሥዕል ደብዝዞ በላዩ ሲሣልበት ላየ ሰው ግን ነገሩ አስደንጋጭ አይደለም። የሚያስደነግጠው መደበቁ ነው።

አንድ ነገር በመንገድ ላይ ላንሣ። ጐብኚዎች ፊትና እንስሳ ይወዳሉ፤ ፊደል አይወዱም። በበርሊን ግን ከሥዕሉ ይልቅ ፊደሉ ይበዛል። «ዋን አፕ» የሚባለው ቡድን ስሙን በየጣራው ጫፍ ጽፏል፤ «በርሊን ኪድዝ» የሚባሉት ደግሞ ከጣራ በገመድ እየወረዱ የቤቱን ፊት ከላይ እስከ ታች በቀይና በሰማያዊ ምልክት ይሞሉታል። ከጉብኝቱ ጓደኞቼ አንዷ «ይህ እንኳ ቆሻሻ ነው» አለች፤ አስጎብኚውም ሊያስደስታት ራሱን ነቀነቀ። እዚህ ላይ ዝም ማለት አልቻልሁም። በብራና ላይ የተጣለ የግእዝ ፊደል ቀለሙንና ቁመቱን ያየ ሰው፥ ፊደል ለንባብ ብቻ እንዳልተፈጠረ ሌላ ማስረጃ አያሻውም። ከዚህም በላይ የሕግ ነገር አለበት። በ2005 የጀርመን የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ ተሻሽሎ፥ ያለ ባለቤቱ ፈቃድ የአንድን ነገር መልክ በጕልህና ለጊዜው ብቻ ባልሆነ መንገድ መለወጥ ራሱ እስከ ሁለት ዓመት እስራት ወይም መቀጮ የሚያስከትል ጥፋት ሆኗል። እንግዲህ በአንድ መንገድ ጐን ለጐን ከሚታዩት ሁለት ሥራዎች አንዱ በፈቃድ፥ በክፍያና በማንሻ መኪና ላይ ተቁሞ የተሠራ ሲሆን፥ ሁለተኛው ሠሪውን ወኅኒ የሚያወርድ ነው። አስጎብኚው ሁለቱንም «የመንገድ ሥዕል» ብሎ በአንድ ትንፋሽ ሲጠራቸው ይህ ሁሉ ይሰወራል።

ወደ ዋናው ጕዳይ ልምጣ። በክሮይትስበርግ በኩቭሪ መንገድ አጠገብ ባዶ መሬት ነበረ። በመሬቱ ዳር ባሉት ቤቶች ጎን ላይ ብሉ የሚባለው ጣሊያናዊ ሠዓሊ በ2007ና በ2008 ሁለት ታላላቅ ሥዕሎች ሠራ። በአንደኛው ሁለት ሰዎች አንዱ የሌላውን ጭምብል ይገፍፋሉ፤ በሁለተኛው ራሱ የማይታይ ሰው ከረባቱን ሲያስተካክል፥ በእጆቹ ያሰራቸው የወርቅ ሰዓቶች በሰንሰለት ተያይዘው እግረ ሙቅ ሆነውበታል። ሥዕሎቹ ከከተማዪቱ ምልክቶች እንደ አንዱ ተቈጠሩ። በመሬቱ ላይ ግን ቤት የሌላቸው ሰዎች ጎጆ ቀልሰው ይኖሩ ነበር፤ በ2014 መስከረም ወር ከተነሣ እሳት በኋላ ከዚያ ወጡ፤ ቦታውም ለሕንፃ ታስቦ ነበር። በዚያው ዓመት በታኅሣሥ ወር፥ በአንድ ሌሊት፥ ሁለቱም ሥዕሎች በጥቁር ቀለም ተሸፈኑ። የሸፈኗቸው ጠላቶች አልነበሩም፤ በሠዓሊው ስምምነት የራሱ ወዳጆች ናቸው። ሥዕሎቹ እንዲሠሩ ከሠዓሊው ጋር የደከመው ሉትስ ሄንከ ምክንያቱን «ጋርዲያን» በሚባለው የእንግሊዝ ጋዜጣ ገለጸ። የነገሩ ፍሬ፥ ከተማዪቱ የእነርሱን የተቃውሞ መልክ ለራስዋ ማስታወቂያ አድርጋ እየሸጠች፥ መልኩን የፈጠሩትን ሰዎች ግን በኪራይ ውድነት እያስወጣች ነው የሚል ነው።

ዛሬ በቦታው የቢሮ ሕንፃ ቆሟል። አስጎብኚዎች ግን ከፊቱ ማቆማቸውን አልተዉም። ሁለተኛው አስጎብኚያችን ከቦርሳው በላስቲክ የተሸፈነ ፎቶግራፍ አወጣ፤ እያዞረ አሳየንና «ምንኛ የሚያሳዝን ጥፋት ነው!» አለ። ከዚያም ሰዓቱን አየ፤ በአንድ ጋራዥ ውስጥ እያንዳንዳችን በተዘጋጀ ስቴንስል በጨርቅ ከረጢት ላይ ቀለም እንድንረጭ ቀጠሮ ነበረና። እኔም ረጨሁ። ከረጢቱ እስከ ዛሬ አለኝ፤ ቀይ ድብ አለበት፤ መጻሕፍት እይዝበታለሁ።

«ጥፋት» ስለሚለው ቃል ብዙ አሰብሁ። በሚስዮን ትምህርት ቤት ዘጠነኛ ክፍል ሳለሁ በመኝታ ቤታችን ግድግዳ ላይ የአንድ መምህራችንን መልክ በከሰል ሥዬ ተይዤ፥ ቅዳሜ ቀኑን ሙሉ የመኝታ ቤቱን አራት ግድግዳ ኖራ እንድቀባ ተፈረደብኝ። እያለቀስሁ ቀባሁ፤ የገዛ እጄን ሥራ የሸፈንሁት በሌላ ሰው ትእዛዝ ነበር። የብሉ ነገር ግን ከዚህ ይለያል፤ ማንም አላዘዘውም። በ2016 መጋቢት ወር ደግሞ በቦሎኛ ከተማ የመንገድ ሥዕሎችን ከግድግዳቸው አንሥቶ በአዳራሽ የሚያሳይ ትርኢት በተዘጋጀ ጊዜ፥ በዚያች ከተማ ያሉትን ሥራዎቹን በግራጫ ቀለም ሸፈነ። አንድ ሰው አስቦ ሁለት ጊዜ ያደረገው ነገር እንደ አደጋ ሊለቀስለት አይገባም። ጥቁሩ ቀለም የሥዕሉ መጥፊያ ሳይሆን የመጨረሻው መሥመር ነው፤ በወርቅ ሰዓት የታሰረው ሰውም ከዚያ ወዲያ ነው ሙሉ ትርጕሙን ያገኘው። ባለ ላስቲኩ አስጎብኚ የንባቡን የመጨረሻ ቃል ትቶ አነበበልን። ቢያነበው ኖሮ ከባድ ጥያቄ ላይ መድረሱ ነበር፤ ከሥዕሉ ገበያ ከሚጠቀሙት መካከል እኛ ሃያዎቹ ከነፎቶግራፍ መሣሪያችን፥ እርሱም ከነላስቲኩ አለንበትና።

የኢኮኖሚክስ ተማሪ የሆነ አንድ ጓደኛዬ ይህን ረቂቅ አንብቦ «ኪራይ የሚያስወድደው ካፒታል ነው፤ ጐብኚ በእግሩ ስለ ሄደ የወጣ ሰው የለም» አለኝ። እውነት አለው። በርሊን የኪራይን ጣሪያ የወሰነችበት ሕግ በ2021 በሕገ መንግሥቱ ፍርድ ቤት ተሽሯል፤ በዚያው ዓመት መስከረም ወር በተደረገው የሕዝብ ድምፅ ከግማሽ የሚበልጠው መራጭ የትላልቅ ኩባንያዎች ቤቶች ወደ ሕዝብ ንብረትነት እንዲዛወሩ ደግፏል። እንዲህ ያለ ሙግት ባለበት የሃያ ሰው እግር ምን ይመዝናል? እኔም አስጎብኚው ኪራይ አስወደደ አላልሁም። ያልሁት፥ ስለዚሁ ሙግት በተሣለ ሥዕል ፊት ቆሞ ስለ ሙግቱ ዝም አለ ነው። በቢውሎ መንገድ በ2017 የተከፈተው «ኧርባን ኔሽን» የሚባለው የመንገድ ሥዕል ቤተ መዘክርም የቆመው፥ የከተማዪቱ የሆነው ጌቮባግ የቤቶች ኩባንያ ባቋቋመው ድርጅት ነው። በዙሪያው ያሉት የቤት ጎኖች በእውነት ያምራሉ፤ አልክድም። ባለቤቱ ከፍሎ ባሣለው ግድግዳ ላይ ምን ሊሣል እንደማይችል ግን ሊጠየቅ የሚገባው ነበር፤ ማንም አልጠየቀም።

ለዚህ ዝምታ የአስጎብኚዎቹን ጠባይ አልወቅስም። የ«ነጻ» ጉብኝት መሪ እንጀራው በመጨረሻው ደቂቃ ከኪስ በሚወጣ ጉርሻ ላይ ነው፤ እንግዳውን ያሳፈረ ደግሞ ጉርሻ አያገኝም። የአገራችን አዝማሪ ይህን ጠንቅቆ ያውቀዋል። አዝማሪ ግን ሰምና ወርቅ አለው፤ እያሳቀ ይወጋል፥ የተወጋውም ይሸልመዋል። የበርሊኖቹ ሳቁን ይዘው ወርቁን ጥለውታል። ዳሩ ግን ባለ ላስቲኩም አስቀድሞ ተከፍሎት ነበርና ምክንያቱ ጉርሻው ብቻ ነው ለማለት አልደፍርም። ጉብኝቱ ራሱ በሦስት ሰዓት ሠላሳ ግድግዳ ማሳየት አለብኝ ብሎ ስለሚነሣ፥ ለእያንዳንዱ የሚደርሰው ስም፥ ዓመትና አንድ ቀልድ ነው። አምስት ግድግዳ ይበቃ ነበር።

«ክቬርሽታትአይን» የሚባል ማኅበር በዚያው ከተማ ከ2013 ጀምሮ ቤት አጥተው በጎዳና የኖሩ ሰዎች ራሳቸው የሚመሩትን ጉብኝት ያዘጋጃል፤ በኋላም ስደተኞች የሚመሩት ተጨምሮበታል። የሥዕል ጉብኝት አይደለም፤ እኔም የሄድሁት ለንጽጽር ነው። መሪያችን በዕድሜ የገፉ ሰው ነበሩ፤ ያሳዩንም የተኙበትን ደጃፍ፥ ውኃ የቀዱበትን ቦታ፥ የተባረሩበትን መናፈሻ ነው። ስለ ግድግዳ ሥዕል ምን እንደሚያስቡ ብጠይቃቸው፥ ጥቂት ካሰቡ በኋላ «ሥዕል ካለበት ግድግዳ ሥር መተኛት አይመችም፤ ሌሊትም ፎቶግራፍ የሚያነሣ ይመጣል» አሉኝ። ቀልድ አልነበረም። በአምስት ሳምንት ውስጥ ስለ መንገድ ሥዕል ከሰማሁት ሁሉ ከዚህ የሚበልጥ ትርጓሜ አላገኘሁም።

ልመለስ ሁለት ቀን ሲቀረኝ ብቻዬን ወደ ሮዘንታለር መንገድ ተመልሼ የኦቶ ቫይትን መሥሪያ ቤት ደረጃ ወጣሁ። ክፍሎቹ ጠባብ ናቸው፤ በተከታታይ አንዱ በሌላው ውስጥ ያልፋሉ። በመጨረሻው በኩል መስኮት የሌላት ክፍል አለች፤ ቫይት በርዋን በቁም ሣጥን ሸፍኖ አንድ አባትና እናት ከሁለት ልጆቻቸው ጋር የደበቀባት ናት፤ በኋላ ጠቋሚ አግኝቷቸው ተይዘዋል። ብዙ ጊዜ ቆሜ ቆየሁ። ከእኔ በቀር ማንም አልነበረም። ከታች ከግቢው የአንድ አስጎብኚ ድምፅ ይሰማል፤ ስለ ነጠብጣቡ እየተናገረ ነበር፤ ሰዎቹም ሳቁ።